ከጨርቅ የሚሠራ የበዓል ስጦታና ጌጥ፦ ችግሩና መፍትሄው

የነጠላ መካከሉ ሳስቶ ለመልበስ የማይመች ሲሆን ጥለቱ ብዙ ጊዜ ገና ደህና ነው። ያን ጥለት ቆርጦ በአቡጀዲ ላይ መስፋት፣ የሚወዱትን ሰው ስም መጥለፍ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለኢድ የትራስ ልብስ አድርጎ መስጠት ይቻላል። እንዲህ ያለ ስጦታ በየትኛውም ሱቅ አይገኝም፤ የሚጠይቀውም ክርና ጊዜ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ሲጣመምበት ወይም ሲተረተርበት «እኔ ለዚህ እጅ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። በዚህ አልስማማም። የቤት ውስጥ ስፌት ጉድለቱ የሚታየው በመጨረሻ ቢሆንም የሚፈጠረው ግን ጨርቁ ሳይቆረጥ፣ ክሩም መርፌ ውስጥ ሳይገባ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች የአብዛኞቹ መፍትሄ ያለው እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው።

ሲሰጥ ያማረ ነበር፤ ከታጠበ በኋላ ተጨማደደ

ምክንያቱ የጨርቆቹ አለመስማማት ነው። ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። በእጅ ተፈትሎ የተሸመነ ጨርቅ ደግሞ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ከፋብሪካ ጨርቅ የበለጠ ይሰበሰባል። ፖሊስተር በአንጻሩ ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል። ሁለቱን ሳታጥቡ አንድ ላይ ከሰፋችኋቸው አንዱ ሲያጥር ሌላው ይተርፋል፤ የተረፈው ደግሞ ይጨማደዳል።

መፍትሄው ከመቁረጥ በፊት ሁሉንም ማጠብ፣ ማድረቅና በካውያ መተኮስ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። አሮጌው ነጠላ ለዓመታት ሲታጠብ የኖረ ስለሆነ መሰብሰቡን ጨርሷል። የሚያጣላው ከሥሩ የምታደርጉት አዲሱ አቡጀዲ ነው፤ ስለዚህ በተለይ እሱን እጠቡ። ስጦታው የልብስ ማድረቂያ መኪና ወደሚጠቀም ቤት፣ ለምሳሌ አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ሙቀቱ ጥጥን ይበልጥ ስለሚሰበስበው ጨርቁን በሙቅ ውኃ ሁለት ጊዜ ማጠብ ይሻላል።

ተሰፍቶ ያለቀውስ? ገና እርጥብ እያለ ወጠር አድርጋችሁ በጀርባው በኩል ተኩሱት። ያ ካልበቃ የሚተርፈውን ጨርቅ ስፌት በአንድ ጎን ብቻ ፍቱና ትርፉን ቆርጣችሁ መልሳችሁ ስፉት። ሙሉውን መፍታት አያስፈልግም።

የጥለቱ ቀለም ነጩን ጨርቅ አቀላው

ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው ጥለት በዚህ ይታወቃሉ። ከመስፋታችሁ በፊት ጥለቱን አንድ ቦታ በውኃ አርሱና በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ነጩ ከቀላ ጥለቱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ፣ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ጨው ወይም ኮምጣጤ ጨምሩ የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ ለዛሬዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ተማምናችሁበት ነጭ ጨርቅ ላይ እንዳትሰፉ። ውኃው ጨርሶ አልጠራ ካለ ያ ጥለት በነጭ ላይ ሳይሆን በጠቆረ ጨርቅ ላይ ይሰፋ።

ቀለሙ አንዴ ከተላለፈ ደግሞ ጨርቁ እንዲደርቅ አትፍቀዱ፤ ካውያም አታስነኩት። ሙቀት ቀለሙን ነጩ ላይ ያጸናዋል። ወዲያው በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እያለቀለቃችሁ ውኃውን ቀያይሩ። በረኪና ነጩን ያነጣ መስሏችሁ ብትሞክሩ ጥለቱንም አብሮ ይበላዋል።

ጠርዙ ይተረተራል፤ ስፌቱም ይለቃል

ከሸማ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጠውም እሱ ነው። ሸማ ድርና ማጉ ሳስቶ የተሸመነ ስለሆነ መቀስ በነካው ቅጽበት ክሮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። አቡጀዲ ላይ የለመደ ሰው ከስፌቱ ውጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያስቀራል። ሸማ ላይ ያ አይበቃም። ከጥቂት እጥበት በኋላ ክሩ እየሾለከ እስከ ስፌቱ ይደርሳል፤ ከዚያም ትራሱ አፉን ይከፍታል።

የመጀመሪያው መከላከያ መለኪያ ነው፤ ከስፌቱ ውጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስቀሩ። ሁለተኛው ከመቁረጥ በፊት መስፋት ነው። የምትቆርጡበትን መስመር በደረቀ ስስ ሳሙና አስምሩ፤ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ባለው በኩል በመኪና ዚግዛግ ስፉበት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መቀሱን አንሡ። መኪና የሌለው በእጁ እየዘመዘመ ይሄዳል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይይዛል። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የምመርጠው፣ ለሳሳው ሸማ ደጋፊ ማድረግ ነው። ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡት በካውያ የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ አለ። እሱን ከጥለቱ ጀርባ ለጥፋችሁ ብትቆርጡ ክሩ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፤ ቅርጹም ቀጥ ይላል። ማግኘት ካልቻላችሁ በመስመሩ ላይ ውኃ የነካካው ነጭ ኮላ በቀጭኑ ቀብታችሁ ሲደርቅ ቁረጡ፤ ይህ ግን ለማይታጠብ ጌጥ ብቻ ነው።

ጥለቱ ላይ ወርቅማ ወይም ብርማ ክር ካለ ካውያውን ቀዝቀዝ አድርጉ፤ ብልጭልጩ ክር ሰው ሠራሽ ስለሆነ ይቀልጣል። በጀርባው በኩል፣ በላዩ ሌላ ጨርቅ አንጥፋችሁ ተኩሱ።

አንድ ቦታ ላይ ግን መተርተሩ ጥቅም ነው። ለጠረጴዛ ልብስ ወይም ለመሶብ መሸፈኛ ጫፉን ሆን ብላችሁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተርትራችሁ ክሮቹን በጥቂት በጥቂቱ ቋጥሯቸው፤ ከነጠላ ጫፍ የምናውቀው ዘርፍ ይሆንላችኋል፤ ጠርዙም ሌላ ስፌት አይፈልግም።

ትራሱ አራት ማዕዘን መሆን ሲገባው ጠማማ ሆነ

ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ እምብዛም አይለጠጥም፤ በሰያፍ ሲጎተት ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል። በዓይን ገምቶ የተቆረጠ ቁራጭ ሳይታወቅ በሰያፍ ከወጣ ስፌቱ ቀጥ ቢልም ጨርቁ ሲሞላ ይጣመማል። የቱንም ያህል ቢጎትቱት አይስተካከልም፤ መፍትሄው እንደገና ቆርጦ መስፋት ነው።

ሸማ ለዚህ የሚሰጠው ጥቅም አለ፤ ሽመናው ልል ስለሆነ አንዱን የማግ ክር በመርፌ ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ምዘዙት። ክሩ የወጣበት ቦታ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ በዚያ ላይ ስትቆርጡ ከማስመሪያ የበለጠ ቀጥ ያለ ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ፣ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስፌት ትታችሁ በአቡጀዲ የምትሰፉ ከሆነ የፊቱን 42 በ42 ቁረጡ። ጀርባውን ዚፕ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ተደራራቢ ቁራጭ አድርጉት፤ እያንዳንዱ 30 በ42 ይሁን። የሚገናኙበትን ጠርዝ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ ስትሰፉ 12 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ፤ ትራሱም አይወጣም። ፊቱ ሸማ ከሆነ በየጎኑ ያንኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስጡት፤ የጀርባውንም በዚያው ልክ ጨምሩ። ማዕዘኑን ስትገለብጡ እንዳይወፍር ትርፉን ትቆርጡ ይሆናል፤ በሸማ ላይ ግን ከመቁረጥ አጥፎ መገልበጥ ይሻላል፤ አለዚያ ማዕዘኑ ይቀደዳል።

መኪናው ከታች ክር ይተበትባል

ብዙ ሰው የታችኛውን ክር ይጠረጥርና ያንኑ ሲፈታ ይውላል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው፤ ክሩን በሚወጥሩት ሁለት ሳህኖች መካከል በደንብ አልገባም። የመኪናውን እግር ከፍ አድርጉ፤ ያኔ ሳህኖቹ ይከፈታሉ። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት። አሮጌው በእግር የሚረገጠው ሲንጀርም ቢሆን ለዚህ አይለይም።

መርፌው ስፌት እየዘለለ ከሆነ ደንዝዟል ወይም ለጨርቁ አይስማማም፤ ለስስ ሸማ 70፣ ለአቡጀዲ 80፣ ለጂንስ 100 ቁጥር ይሁን። መኪናው ሳስ ያለውን ጨርቅ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የሚውጠው ከሆነ ከሥሩ ያልተጻፈበት ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ስፉና በኋላ ቅደዱት። ጋዜጣ አይሁን፤ ቀለሙ ነጩን ያቆሽሸዋል።

የጠለፋችሁት ስም አይነበብም

ስጦታውን የዚያ ሰው ብቻ የሚያደርገው ስሙ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ይገባል። የላቲን ፊደልን መጥለፍ የሚያስተምሩ ምክሮች ለእኛ ፊደል አይበቁም። የእኛ ፊደል የሚለየው በትንንሽ ምልክት ነው። በ«ሉ» እና በ«ሊ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት አጭር መስመር ከወገብ ወይም ከእግር መውጣቷ ነው። የ«ሌ» ቀለበት በወፍራም ክር ከተሞላ «ሊ» ይመስላል፤ «ሔለን» ብላችሁ የጠለፋችሁትን «ሒለን» ብለው ያነቡታል።

መጀመሪያ ፊደሉን አተልቁ። አንዱ ፊደል ከሦስት ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀለበቶቹ ክፍት ሆነው አይቀሩም። ቀጥሎ ክሩን አሳሱ። የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች የተጣመሩበት ነው፤ ሁለቱን ብቻ ለይታችሁ ተጠቀሙ። ርዝመቱም ከክንድ አይብለጥ፤ ረጅም ክር ይቋጠራል፤ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሻክራል። ለመስመሩ የሰንሰለት ጥልፍ ያምራል፤ ለቀለበቱና ለትንንሹ ምልክት ግን ይወፍራል። እነሱን መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ወደ ቀድሞው ስፌት ጫፍ በሚመለስበት ጠባብ ስፌት ሥሯቸው።

ስሙን በኮምፒውተር አተልቃችሁ አትሙ፤ ወረቀቱን በመስኮት መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ጨርቁን በላዩ ዘርጉና በእርሳስ ለስለስ አድርጋችሁ ገልብጡት። የካርቦን ወረቀት አትጠቀሙ፤ ከነጭ ጨርቅ ላይ በቀላሉ አይለቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ሰውየው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ እወቁ፤ ፀሐይ ወይስ ጸሐይ፣ ኃይሉ ወይስ ሀይሉ። ዕድሜውን ሙሉ በኃ የጻፈን ሰው በሀ ጠልፎ መስጠት ያሳዝነኛል፤ ለማጣራት የሚፈጀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነውና።

ጥልፉ ጨርቁን ሰብስቦ ካጨማደደው ክሩን አጥብቃችሁ እየጎተታችሁ ነው፤ ወይም ጨርቁ አልተወጠረም። በመወጠሪያ ቀለበት ያዙት፤ ከጀርባውም ያንን በካውያ የሚለጠፍ ጨርቅ አድርጉለት። ሥራውን ስታቋርጡ ቀለበቱን አውልቁ፤ ካላወለቃችሁት ክብ ምልክት ይቀራል።

የጨርቁ አደይ አበባ መካከሉ ይከፈታል፣ ቅጠሉም ይተኛል

ለመስከረም 1 በር ላይ የሚንጠለጠል ቢጫ የአበባ ጉንጉን ቀላል ሥራ ነው። ክብ ጨርቅ ትቆርጣላችሁ፤ ጠርዙን እያጠፋችሁ ዙሪያውን በእጅ ትሰፋላችሁ፤ ከዚያም ክሩን ስባችሁ ትቋጥራላችሁ። ሲጠናቀቅ ስፋቱ የክቡ ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነው ክብ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ አበባ ይወጣዋል። መካከሉ አልገጥም ብሎ ቀዳዳ ከቀረ ምክንያቱ ስፌቱ በጣም መድቀቁ ነው። ሰው ጥንቃቄ መስሎት ያደቅቀዋል፤ ሰፋ ሰፋ ያለ ስፌት ግን እጥፋቶቹን ስለሚያበዛቸው ሳይሆን ስለሚያሳንሳቸው መካከሉ በደንብ ይገጥማል።

ቅጠል ያለው አበባ ከሠራችሁና የሚተኛ ከሆነ ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት አጠንክሩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አፍሉት፤ ሲበርድ ጨርቁን ንከሩና ወጥራችሁ አድርቁት። ለዳንቴል እንደሚደረገው በስኳር ውኃ ማጠንከርም ይቻላል፤ ነገር ግን ጉንዳን ይስባል።

ስጦታው ከሱቅ ከሚገዛው በላይ አስወጣ

አዲስ ጨርቅ በሜትር ገዝታችሁ ነው። ለአንድ ጌጥ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ይበቃል። የባህል ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ሲቆርጡ የሚተርፋቸውን የጥለት ቁራጭ ጠይቋቸው። ልጆች ያደጉበት የበዓል ቀሚስ፣ የአባት ያረጀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ ጋቢ ሁሉ ያገለግላሉ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ የተቀደደው እንኳ ተቆራርጦ ለትራስ መሙያ ይሆናል። ጥለት እንደልብ በማይገኝበት በውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ለልጅ ያጠረው ቀሚስ ብዙ ጌጥ ይወጣዋል።

ስጦታው ሲከፈት ሻጋታ ሸተተ

ለእንቁጣጣሽ የሚሰፋው በክረምት ነው። ነሐሴ ላይ የደረቀ የሚመስል ጨርቅ በውስጡ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ በፌስታል ሲታሸግ ይሻግታል። ከመጠቅለላችሁ በፊት በሞቀ ካውያ ተኩሱት፤ እስኪበርድም ዘርግታችሁ አቆዩት፤ ከዚያ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ሽታው ከያዘ ደግሞ እንደገና አጥቦ በፀሐይ ማስጣት እንጂ ሽቶ መርጨት አይረዳም።

ጌጡ ከተሰቀለበት ይወድቃል

ጉንጉኑን በማጣበቂያ ፕላስተር ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ በተለይ በቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ጨርቁ ከብዶት ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። ጫፎቹን በሁለት ምስማር እሰሩ፤ ረጅም ከሆነም በመካከሉ ሌላ ድጋፍ ጨምሩ። የምታንጠለጥሉበት ክር የማይለጠጥ ይሁን። ቦታውንም ስትመርጡ ከጧፍ፣ ከዕጣን ማጨሻና ከቡና ከሰል አርቁት። ፖሊስተር በእሳት ሲነካ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ጥጥም ፈጥኖ ይቀጣጠላል። ለሕፃናት በሚሰጥ ነገር ላይ ደግሞ ቁልፍና ዶቃ አትስፉ፤ ነቅለው ወደ አፋቸው ይከቱታል። የአሻንጉሊቱን ዓይንም አፍንጫም በክር ጥለፉት።