«ዕድሜዎ ስንት ነው?» አያዋጣም

የጎጃም አዛውንቶችን የሕይወት ታሪክ ስንቀዳ ዓመቶቹ እርስ በርስ ይጣሉብን ነበር። ዕድሜ ሲጠየቁ «እንግዲህ ሰማንያ ይሆነኛል» ይላሉ፤ ግምት ነው። ጥያቄውን ቀየርነው፦ «አባባ፣ በግብሩ ዐመፅ ጊዜ ትዳር ይዘው ነበር?» የ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐመፅና የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጥሩ ችካሎች ናቸው።

ቀጥሎ ወንጌላዊው። ዓመቱን የረሳ ሰው እንኳ «ዘመነ ሉቃስ ነበር» ሊል ይችላል። ማጣሪያው፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። 1967 ላይ 5500 ሲደመር 7467 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3፤ ሉቃስ። በየ4 ዓመቱ ስለሚመለስ ግን ያለ ችካል ብቻውን ያሳስታል።

ቅጂው አይነካም፤ ስሌቱ በማስታወሻ ይጻፋል። ማይኩም ጋቢ ላይ ከተሰካ ይንኮሻኮሻል፤ ሸሚዙ ላይ ይሁን።