የጀልባ ዲናሞ ሳይቃጠል ባትሪን እንዴት መሙላት ይቻላል?

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አነስተኛ የናፍጣ ሞተር ባለው ጀልባ የምትሠሩ ከሆነ፣ ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሲደክም አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዲናሞውን፣ ማለትም በሞተሩ እየተሽከረከረ ባትሪውን የሚሞላውን ክፍል፣ እዩት። ዲናሞን ደግሞ ከምንም በላይ የሚገድለው ሙቀት ነው።

በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ የሞላ የአሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል። ሞተሩ ተነስቶ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲሆን ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት።

ካልደረሰ ሞተሩን አጥፉና ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ (ቀበቶ) መሃል ላይ በጣት ጫኑት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው። ዙሪያው ጥቁር የጎማ ብናኝ ካለ እየተንሸራተተ ነው። ከልክ በላይ ማጥበቅ ግን የዲናሞውን ዘንግ የሚይዘውን ኩሽኔታ ይበላል።

ቀጥሎ ሽቦው። መብራቱን ሁሉ አብርታችሁ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከዲናሞው መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ያለውን የቮልት ልዩነት ለኩ። ከ0.3 በላይ ከሆነ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ማሰሪያው ዝጓል። የኔጌቲቩንም ወገን እንዲሁ ለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲናሞ የሚቀዘቅዘው በራሱ ፋን ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) ሲሠራ ፋኑም ይዘገያል፤ የተራበ ባትሪ ግን ያኔም ብዙ አምፔር ይጠይቃል። የጀልባ ሞተር ደግሞ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ካስሞላችሁ በኋላ የዲናሞውን ጀርባ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለኩ። ወደ 100 ዲግሪ ከተጠጋ ጭነት ቀንሱ፤ ለሳጥኑም ከታች ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ሙቅ አየር ማስወጫ ክፈቱለት። ዲናሞው ላይ 80 አምፔር ተብሎ ቢጻፍም፣ ግሎ ለሰዓታት ያን ያህል ይሰጣል ብላችሁ አትቁጠሩ።

የሊቲየም ባትሪ ለመግጠም ካሰባችሁ በጣም ተጠንቀቁ። የአሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚስበውን ራሱ ይቀንሳል። ሊቲየም ግን ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ይስባል። ዲናሞውን ከማስነሻው የአሲድ ባትሪ ጋር ብቻ አያይዙት፤ ሊቲየሙን ከዚያ በዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር፣ ማለትም ከአንድ ባትሪ ወደ ሌላው በተወሰነ አምፔር በሚሞላ መሣሪያ፣ ሙሉት። ለ80 አምፔር ዲናሞ የ30 አምፔር ቻርጀር ይበቃል። በየባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጉ።

ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማሰሪያ መንቀል የተለመደ ነው። እባካችሁ ማንም እንዲህ እንዲሞክርላችሁ አትፍቀዱ። ቮልቱ በቅጽበት ይዘልና በዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች) ያቃጥላል።