ጅራቷን ሳታዩ ስም አትስጡ፦ ነፍሳት በል የሌሊት ወፎችን ስንለይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቀለምን ማመን የመጀመሪያው ስህተት ነው። በሞቃት አገሮች ዋሻ ውስጥ ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ የአንድ ዝርያ የሌሊት ወፎች አንዷ ግራጫ፣ ሌላዋ ደማቅ ብርቱካናማ ልትሆን ትችላለች። ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያም የጸጉራቸውን ቀለም ይለውጣል። ቀለሙን መዝግቡ፤ ዝርያውን ግን በእሱ አትወስኑ።

በጣም የሚያናድደኝ የጅራቱ ጉዳይ ነው። ጀማሪዎች የሌሊት ወፏን እግሮች ግራና ቀኝ ወጥረው ፎቶ ያነሳሉ፤ ከዚያም «ጅራቷ በሙሉ በቆዳ ውስጥ ነው» ብለው ከተራዎቹ ጋር ይመድቧታል። ለምን ትወጥሯታላችሁ? በአንዳንዶቹ ቤተሰቦች (የተቀራረቡ ዝርያዎች ቡድኖች) በእግሮቿ መካከል ያለው ስስ ቆዳ በጅራቷ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ እግሮቿ ሲለጠጡ ጅራቱ ይዋጣል። እንዲህ ተመዝግባ የመጣችን አንዲት የሌሊት ወፍ እግሮቿን እንዲለቁላት ብቻ ጠየቅሁ። ቆዳው ተሰብስቦ ወፍራሙ ጅራት ከጠርዙ አልፎ ወጣ። ቤተሰቧ ሌላ ነበረ!

እግሮቿን አላልታችሁ እዩ። ጅራቱ ከቆዳው ጠርዝ አልፎ ከወጣ አንድ ቤተሰብ ነው። መርፌ ጨርቅን እንደሚበሳ ቆዳውን መሐል ላይ ወደ ላይ በስቶ ከወጣ ሌላ ነው። ቀጭንና ከሰውነቷ ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አብዛኛው ክፍሉ ከቆዳው ውጭ ከተንጠለጠለ ሦስተኛ ነው። ጫፉ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ከተዘረጋ ደግሞ ቀና ብላችሁ ፊቷን ተመልከቱ፤ ከአፍንጫዋ እስከ ግንባሯ የተዘረጋ ስንጥቅ ታገኛላችሁ።

አፍንጫዋ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ሥጋ ስላያችሁ ብቻ «ባለ ፈረስ ኮቴዋ ናት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የቅርብ ዘመዶቿም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ከኮቴው በላይ እንደ ጦር ሹል ሆኖ የቆመውን፣ ባለ ኮቴዋን የሚለየውን ክፍል ፈልጉ። ከተጠራጠራችሁ የእግር ጣቶቿን እዩ፤ ባለ ኮቴዋ ከአውራ ጣቷ በስተቀር በየጣቷ ሦስት አጥንት አላት፣ ዘመዶቿ ሁለት ብቻ።

ግልገልን እንደ ትንሽ ዝርያ መመዝገብም የተለመደ ነው። ክንፏን በብርሃን ፊት ዘርጉ፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ብርሃን ካሳለፈ ገና እያደገች ነውና የክንዷን ርዝመት ለመለያ አትጠቀሙበት።

በባዶ እጅ አትያዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ሳትወስዱ ወደዚህ ሥራ አትግቡ። እርጉዝ ወይም ግልገል ያዘለች ከሆነች መለኪያውን አስቀምጡና ወዲያው ልቀቋት።