አካል ጉዳተኛ ጎረቤታችን በእድር ስብሰባ እንዲሳተፍ እንዴት እናድርግ?

እድር ለቅሶ ብቻ አይደለም። መዋጮ የሚጨመረው፣ ዳኛ የሚመረጠው፣ የሰፈሩ የውሃና የመንገድ ጉዳይ የሚነሳው እዚያ ነው። በብዙ ሰፈር ግን አካል ጉዳተኛው አባል ወርሃዊ ክፍያውን ሳያጓድል እየከፈለ ስብሰባ ላይ አይታይም። "እሱ አይቸገር፣ ይቅርበት" እንላለን። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን በገዛ ገንዘቡ ላይ ሌላው እየወሰነለት ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት እነዚህን አድርጉ።

መጀመሪያ ሰውየውን ራሱን ጠይቁት። እናቱን ወይም ወንድሙን አይደለም። "ለመምጣት ምን ያስቸግርሃል? ምን ብናደርግ ይሻላል?" በሉት። ሁለት ዓይነ ስውራን እንኳ የሚፈልጉት አንድ ላይሆን ይችላል፤ አንዷ ብሬይል ታነባለች፣ ሌላው በስልኩ ማዳመጥ ይቀለዋል።

ቀጥሎ ጥሪውን አስተካክሉ። ጡሩምባው መስማት ለተሳናት አባል አይደርሳትም። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ለዓይነ ስውሩ ምንም ነው። ለእሷ የጽሑፍ መልእክት ላኩ፣ ለእሱ ደውሉ። የወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ አይበቃም። ስልኩ ጮክ ብሎ የሚያነብለት የተተየበ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶ ውስጥ ያለውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። አጀንዳውን ተይባችሁ ላኩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋናው ጣጣ ቦታው ነው። አዳራሹ ደረጃ ካለው "ተሸክመን እናስገባዋለን" አትበሉ። ሰው በጎረቤቶቹ ፊት እንደ ዕቃ መነሳት አይፈልግም፤ ሸካሚው ቢያዳልጠው ደግሞ ጉዳት አለ። ከጠንካራ ጣውላ መወጣጫ አሠሩ። ልኩ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነች አንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል። ከዚያ ካጠረ ቁልቁለት ይሆናል፣ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስፋቱን ከ90 ሳንቲ ሜትር አታሳንሱት፤ በሩንም ለኩ። ሽንት ቤቱንም እዩት፤ ስብሰባው ሲረዝም የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ድንኳኑ የእናንተው ነው፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ትከሉት።

የምትሰበሰቡት በወረዳ አዳራሽ ከሆነ ደብዳቤ ጻፉ። የአገሪቱ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። አንድ ሰው ሲያመለክት ችላ ሊባል ይችላል። እድር በማኅተሙ ሲጠይቅ ግን ክብደት አለው።

በስብሰባው ሰዓት አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ተናጋሪው ስሙን ያስቀድም፣ ዓይነ ስውሩ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይወቅ። በእጅ ድምፅ ስትሰጡ ስንት እጅ እንደወጣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካገኛችሁ (መስማት የተሳናቸው ማኅበርን ጠይቁ) ተናጋሪው አጠገብ ይቁም፣ መስኮቱ ከጀርባው አይሁን፤ ፊቱ ከጨለመ አይነበብም። ስታወሩ ደግሞ አስተርጓሚውን ሳይሆን መስማት የተሳናትን አባል እዩ።

አሁን ሥራ ስጧቸው። ድንኳን መትከል ያልቻለ ሰው ሒሳብ መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ዳኛ መሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም (ኮንቬንሽን) በሕዝብ ጉዳይ እኩል መሳተፍን እንደ መብት ነው ያስቀመጠው። መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና አንብቡ። ለተመራጭ "ሙሉ ጤነኛ የሆነ" የሚል መስፈርት ካለበት፣ የመጀመሪያው አጀንዳችሁ እሱን መሰረዝ ይሁን።