የደም ግፊትን ቤት ውስጥ በትክክል እንዴት መለካት ይቻላል?

ሐኪም ቤት ሲለኩ ግፊትዎ ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። ያ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም። ነጭ ጋውን ሲያዩ ግፊታቸው የሚጨምር ሰዎች አሉ። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሐኪም ፊት ደህና፣ ቤት ሲገቡ ግን ከፍ። «ቤትዎ እየለኩ ጽፈው ይምጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል መለኪያ ይምረጡ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይቀላል፤ ግን በቀላሉ ይሳሳታል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ልክም ይዩ። ክንድዎ ወፍሮ ጨርቁ ከጠበበ የሌለ ግፊት ያሳይዎታል።

ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። ሽንት ቤትም ደርሰው ይምጡ፤ የተወጠረ ፊኛ ግፊት ይጨምራል። ከዚያ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ወለል ላይ አሳርፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ወሬ የለም። ስልክም አይነካም። ሰው የሚዘላት ይህችኑ 5 ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ከመለኪያው ጥራት እኩል ነው የማያት።

ጨርቁን ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሰሩት። እጅጌ ጠቅልሎ ክንድን ማነቅ አይሆንም። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ ጨርቁ በልብዎ ከፍታ ልክ ይሁን። ክንድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ሁለቱንም ክንድ ይለኩና ከፍ ያለ ባሳየው ይቀጥሉ።

ጠዋት መድኃኒት ከመዋጥዎ በፊት፣ ከዚያም ማታ ይለኩ። ጠዋትም ማታም 2 2 ጊዜ፣ በመሃል 1 ደቂቃ አርፈው። እንዲህ ለ7 ቀን። ያላማረዎትንም ቁጥር ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ብዙ መመሪያዎች የላይኛው ቁጥር 135 ወይም የታችኛው 85 ከሆነ ወይም ካለፈ ግፊት አለ ይላሉ። ሐኪም ቤት ሲለካ ወሰኑ 140/90 ነው። የአሜሪካው መመሪያ ጠበቅ ይላል፤ 130/80 ላይ ይጀምራል። ውሳኔው ግን የሐኪምዎ ነው።

ቁጥሩ ስላማረ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። ያሳመረው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

180/120 ወይም ከዚያ በላይ ካዩ ጥቂት አርፈው ይድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ አብሮ ካለ ግን መድገም አያስፈልግም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።