መረቡን ሳያዩ መርከቡን መሰየም፦ የዓሣ ሥራ ቴምብር የምትሰበስቡ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ባህር ዳር ላይ ቴምብር የሚሰበስብ ወጣት ሳገኝ ደስ ይለኛል። ስለ ዓሣ ሥራ የሚሰበስብ ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ሐይቁ አጠገባችን ነው፤ ርዕሱም የኛ ነው። ግን የሚያሳዩኝን አልበም ስገልጥ ደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። አንዱ በጣም ያበሳጨኛል። ከእሱ ልጀምር።

ሁሉንም "የዓሣ መርከብ" ብሎ ማለፍ

ከቴምብሩ ሥር "የዓሣ መርከብ" ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ ያለውም "የዓሣ መርከብ"። ከዚያ "ትልቅ የዓሣ መርከብ"። በቃ! የጣና ዳር ልጅ እንዲህ ሲጽፍ ማየት አልችልም። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ስንቴ ቆማችሁ አይታችኋል? ሰውዬው መረብ ይዞ ይሁን መንጠቆ ከሩቅ ትለያላችሁ። ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ያመጣው፣ ሳይወርድ ትገምታላችሁ። ታዲያ ቴምብር ላይ ሲሆን ዓይናችሁ የት ይሄዳል?

ዓሣውን የሚይዘው መሣሪያው ነው። አጉሊ መነጽር አንሱና መጀመሪያ መሣሪያውን ፈልጉ።

ትሮለር ከረጢት መሳይ መረብ ከኋላው እየጎተተ ይሄዳል። የድሮው ትሮለር መረቡን የሚያወጣው በጎኑ ነው። ጎኑ ላይ የብረት ገመዱ የሚያልፍባቸው ጎበጥ ያሉ ብረቶች ቆመው ይታያሉ። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1950 የትሮለር ቴምብር ስታወጣ ዘመኑ የእነዚህ ነበር። አዲሱ ትሮለር ግን መረቡን በኋላው በኩል በተዳፋት ስቦ ያወጣል። ለዚህ መንገድ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረችው የብሪታኒያዋ ፌርትራይ ናት። ዓሣውን እዚያው ባሕር ላይ እየቆረጠች የምታቀዘቅዝ ፋብሪካ ነበረች። ሐሳቡ የመጣው ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ነው፤ የእነሱ ፋብሪካ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ የኋላ ተዳፋት ነበራቸው። ስለዚህ ተዳፋት ስላያችሁ ብቻ ትሮለር ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሌላው ዓይነት መርከብ መረቡን በዓሣው መንጋ ዙሪያ ይዘረጋና የታችኛውን ጠርዝ በገመድ ስቦ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ላይ ከብረት ክንድ ጫፍ የተንጠለጠለ ትልቅ በከራ አለ። መረቡ በእሱ ላይ አልፎ ይወጣል። ያ በከራ እየታየ "ትሮለር" ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ያውም ለኤግዚቢሽን በተዘጋጀ ገጽ ላይ።

የመርከቡ አፍንጫ ላይ መድፍ ካለ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነው። ዓሣ ነባሪ አጥቢ እንስሳ ነው፤ የራሱን ገጽ ስጡት። ሸራ ያለው መርከብ ወለል ላይ ትናንሽ ጀልባዎች ተደራርበው ከታዩ ደግሞ አጥማጆቹ በእነዚያ እየወረዱ መንጠቆ የተደረደረበት ረጅም ገመድ የሚጥሉበት ነው።

ይህን ያህል የምጨቃጨቀው በምክንያት ነው። መሣሪያ ሲቀየር ሐይቁም ባሕሩም ይቀየራል። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የሚያስገባ ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራ የነበረው ማስገር ወደ መሃል ሐይቅ ገባ። ቢልጫ የሚባለው ዓሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀው ጀመር። ቁጥሩም በጣም ቀነሰ። አባቶቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል። የውጭውን ቴምብርም በዚህ ዓይን እዩት።

ብሉኖዝን ስፖርት ውስጥ መክተት

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣችው የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር በጣም ውብ ነው። ሸራዋን ሞልታ የምትከንፈው ብሉኖዝ ናት። ዓሣም መረብም ስለማይታይ ልጆች "የጀልባ ውድድር" ይሏታል። ብሉኖዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1921 በኖቫ ስኮሺያዋ ሉነንበርግ የተሠራች፣ ኮድ የሚባለውን የባሕር ዓሣ የምታጠምድ መርከብ ናት። የሮጠችበት ዋንጫ ራሱ ለእውነተኛ የዓሣ ሥራ መርከቦች የተዘጋጀ ነበር፤ ሥራ ያልሠራ መርከብ አይገባበትም። መጨረሻዋ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ሄይቲ አጠገብ ሪፍ (ከውኃ ሥር ያለ አለት) ላይ ወጥታ ተሰበረች። ይህች ከዓሣ ሥራ አልበም ከጎደለች ትልቅ ጉድለት ነው።

ታንኳ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ ይመስላችኋል

ከዘጌ ወደ ባህር ዳር ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ታንኳ ዕቃም ሰውም ይጭናል። ሥዕሉ ላይ መረብ፣ መንጠቆ ወይም ዓሣ ካልታየ "የሐይቅ መጓጓዣ" ብላችሁ ጻፉ።

አንድ ጎበዝ ልጅ ደግሞ የቲቲካካ ሐይቅን ጀልባ "የጣና ታንኳ" ብሎ አምጥቶልኛል። ልቤ አልጨከነበትም፤ እውነትም ይመሳሰላሉ። ግን የፔሩና የቦሊቪያው የሚሠራው ቶቶራ ከሚባል ሌላ ተክል ነው። አፍንጫው ሽቅብ ይታጠፋል፤ ብዙ ጊዜም ሸራ አለው። የኛ ታንኳ ሸራ የለውም፤ ሰው ነው የሚቀዝፈው። ደግሞስ የአገሩ ስም ቴምብሩ ላይ ተጽፏል እኮ! መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ቴምብሩ ያለውን ሁሉ ማመን

ኒውፋውንድላንድ ከካናዳ ጋር ሳትቀላቀል በፊት የራሷ ቴምብር ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1897 መርከበኛው ጆን ካቦት እዚያ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት አስመልክታ ተከታታይ ቴምብር አወጣች። የኮድ ዓሣው ብዛት በአውሮፓ የተወራው ከዚያ ጉዞ በኋላ ስለሆነ ለኛ ርዕስ ጥሩ መግቢያ ነው። ታዲያ የ10 ሳንቲሙ ላይ "የካቦት መርከብ ማቲው" ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1893 የኮሎምበስ መርከብ ናት ብላ በ3 ሳንቲም ቴምብር ያወጣችው ሥዕል ራሱ ነው። የ2 ሳንቲሙ ላይ ያለው የካቦት ፊትም የአባትየው የጆን ሳይሆን የልጁ የሴባስቲያን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ ቴምብሩን አታውጡት። ስህተቱን ከሥሩ ጻፉ። እኔ እንዲህ ያለ ገጽ ሳነብ ደስታዬ ወሰን የለውም።

የኒውፋውንድላንድ እ.ኤ.አ. የ1865 የ2 ሳንቲም ቴምብር ላይ ኮድ ዓሣ ብቻውን ተስሏል። አገሬው የኖረበት ዓሣ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1992 ኮዱ ስላለቀ ማስገሩን እዚያ አካባቢ አገደች። ቴምብሩን ለጥፎ ይህን አለመጻፍም ስህተት ነው።

"ብርቅዬ" በተባለ ወረቀት ገንዘብ መጣል

አንድ ወጣት በስልኩ አይቶ የመርከብ ሥዕል የሞላበት አንድ ሙሉ ገጽ ቴምብር ገዛ። ወረቀቱ ያምራል። ከሩሲያ ግዛቶች በአንዱ ስም የታተመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንዲህ ያለ ወረቀት በብዛት ታትሟል፤ አብዛኛው ደብዳቤ አድርሶ የማያውቅ፣ ፖስታ ቤት የማያውቀው ነው። ልጁ ሲሰማ ያዘነውን ማዘን አልረሳውም።

የዓለም ፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚወጡ ቴምብሮችን የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ። ሁሉም አገር አያስመዘግብም፤ ስለዚህ ስላጣችሁት ብቻ ሐሰተኛ ነው አይባልም። ካታሎግም (የቴምብሮችን ዝርዝርና ዋጋ የያዘ መጽሐፍ) ላይ እዩ። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ገበያው የሚከፍለው ዋጋ አይደለም።

ማህተም ያለበት ቴምብር ጀርባው ላይ ሙጫው እንዳለ ከሆነ ለሰብሳቢ ሽያጭ ተብሎ የተመታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከሶቭየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት የመርከብ ቴምብሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። መሰብሰብ ይቻላል፤ "በደብዳቤ የመጣ" ብላችሁ ግን አትጻፉ።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳይለዩ መጻፍ

"1967" ብቻ ብሎ መተው። የቱ 1967? በኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ጨምሩ።

ክረምትን መናቅ

ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ ቴምብሩ ከገጹ ጋር ይጣበቃል። አልበሙን አቁማችሁ አስቀምጡ፤ በሌላ ዕቃ አትጫኑት። ፀሐይ ሲወጣ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ አናፍሱት፤ ፀሐዩ ላይ ግን አታስጡት፣ ቀለሙ ይለቃል። በእጅ አትንኩ፤ ወረንጦ ተጠቀሙ፣ ጫፉ ያልሾለውን። ፕላስተር የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ።

ከፖስታው ላይ መቅደድ

ፖስታው ላይ የወደቡ ማህተም ካለ ዋጋው ከቴምብሩ ሊበልጥ ይችላል። ብሉኖዝ ራሷ በተሠራችበት በሉነንበርግ ማህተም ተመትቶባት ከነፖስታው ብትገኝ ምን ያህል እንደምታምር አስቡት። ስለዚህ ሙሉውን ፖስታ አስቀምጡ። ማህተሙ ተራ ከሆነና ማውጣት ካለባችሁ በዙሪያው ወረቀት ትታችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አንሳፍፉት። በራሱ የሚለጠፈው አዲሱ ቴምብር ብዙ ጊዜ በውኃ አይላቀቅም። እሱን ከነወረቀቱ ተዉት።