የማሽን ለርኒንግ ኮርስ ከኮዱ በፊት እንዴት ይጀመራል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ጓደኛችን ሳሎን ውስጥ ስድስት ሆነን የጀመርነው የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ ተምሮ እንዲገምት የማድረግ) ጥናት የመጀመሪያ ዙሩ ሦስተኛ ሳምንቱን አልጨረሰም። ሒሳቡ ከብዶን አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፍተን ኮድ ውስጥ ስለገባን ነው። በሁለተኛው ዙር ሁለት የጥናት ቀን ሙሉ ላፕቶፕ ሳንነካ ነው የጀመርነው።

1. ሰው ሰብስቡ። ከአራት እስከ ስድስት ይበቃል። ቦታው ሁሉም በአንድ ታክሲ የሚደርስበት ይሁን፤ ከዳር ሰፈር ፒያሳ ድረስ ለጥናት የሚመላለስ ሰው ክረምት ሲገባ ይቀራል።

2. ደንብ ጻፉ። የእድር መተዳደሪያ ያየ ሰው አጻጻፉ አይጠፋውም፦ አጭር፣ በአማርኛ፣ ሁሉም የፈረመበት። ከእኛ አምስት ነጥቦች ሥራ የሠሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው፣ ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጠው ብዙም ያልለመደው ነው፤ የሚችለው በአፉ ይናገራል እንጂ እጁን አይሰድም። በመጀመሪያው ዙር አንድ ጎበዝ ልጅ ሁሉን ሲሠራ እኛ አድናቂ ሆነን ቀረን። ሁለተኛው፣ ያልገባው «ይደገምልኝ» ይላል፣ ማንም አይስቅም። «ያረፈደ ቡና ያፈላል» የሚለውን ቅጣት ግን አትሞክሩት፤ ቡናው ራሱ አንድ ሰዓት ይበላል።

3. ጥያቄያችሁን ለዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያመጣነው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት የትራንስፖርት ችግርን እንዴት ይፈታል?» የሚል ነበር። ይሄ የስብሰባ ርዕስ ነው። ጥያቄ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲመልስ ነው፦ ምንን እንገምታለን? ከምን ተነስተን? ከምን ጋር አወዳድረን? ስንፈጨው ውለን የደረስንበት ይሄ ነው፦ «ቱሉ ዲምቱ ላይ ታክሲ ለመያዝ የሚፈጀውን ደቂቃ ከዕለቱ፣ ከሰዓቱና ከዝናቡ ተነስተን፣ ዝም ብሎ አማካዩን ከመናገር በተሻለ መገመት እንችላለን?»

ኮርሶች የሚጀምሩበት የአይሪስ አበባ ዳታ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው የ150 አበቦች ልኬት ማለቴ ነው፣ ለእጅ ማፍታቻ ጥሩ ነው። ግን ከመሀላችን አይሪስ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ቁጥሩ ቢዛባ ማን ያውቃል? የታክሲ ወረፋ ላይ ግን ሁላችንም ሊቅ ነን።

ሊቅነቱም አላዳነን። ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ የመዘገብነውን ስናዋሕድ ግማሾቻችን በሐበሻ ሰዓት፣ ግማሾቻችን በፈረንጅ ሰዓት ጽፈናል። 12፡30 የማለዳው ይሁን የማታው፣ ወይስ የፈረንጁ ቀትር፣ የጻፈው ሰው ራሱ አላስታወሰም። ሁሉንም ጣልነው። ስለዚህ መዝገብ ከመጀመራችሁ በፊት ደንባችሁ ላይ ጨምሩ፦ በአፍ እንደፈለጋችሁ፣ ሠንጠረዡ ላይ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ። 18፡30 ሲያዩት ያስጠላል፤ አያሻማም።

4. የመጨረሻውን ሳምንት ዳታ ለብቻው አስቀምጡ። ሞዴሉ፣ ማለትም ከቀረው ዳታ ተምሮ የሚገምተው ፕሮግራም፣ የሚፈተነው በእሱ ስለሆነ እስከዚያ ማንም አይነካውም።

5. መሣሪያ። ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚያፋጥን ቺፕ) ያለው ላፕቶፕ ካልተገዛ የሚላችሁን አትስሙ፤ ለጥቂት መቶ ረድፍ ሠንጠረዥ ኮድ በብራውዘር የሚሠራበት ነፃው ጉግል ኮላብና ሳይኪት ለርን የሚባለው የፓይተን የማሽን ለርኒንግ መሣሪያ ይተርፋሉ። ፋይላችሁን ግን ጉግል ድራይቭ ላይ አኑሩ። እዚያው ኮላቡ ላይ የጫናችሁት ክፍለ ጊዜው ሲዘጋ ይጠፋል፣ መብራት ደግሞ እኛ ሰፈር አያስጠነቅቅም።

6. መዝገቡ ሲያልቅ፣ በሦስተኛው የጥናት ቀን ኮዱን ክፈቱ። የመጀመሪያው መስመር አማካዩን ያስላ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሳሳትም ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእኛ የመጀመሪያ ሞዴል በዚያች ወረቀት ተሸንፏል፤ እሑድን ከሥራ ቀን ሳንለይ አስገብተን ነበር።